የሞስኮ ሜትሮ ሲቆፈር የተነሱት ፎቶዎች፦ ያ ድባብ ከየት መጣ?

#1 ጥቁርና ነጭ

ሰላም ወዳጆች። ዛሬ ስለ ሞስኮ ሜትሮ፣ ስለ ከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ነው የማወራው። ስለ እብነበረዱና ስለ መብራቶቹ ብዙ ተብሏል፤ እሱን እንለፈው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ከተማዋ ከሥሯ ስትቆፈር የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። በ1931 አጋማሽ ላይ የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ ሜትሮ ይሠራ ብሎ ወሰነ። ነገሩን የገፋው የሞስኮው ፓርቲ አለቃ ላዛር ካጋኖቪች ነው። ሜትሮስትሮይ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ኃላፊው ፓቬል ሮተርት የሚባል መሐንዲስ ሆነ፤ በዲኒፐር ወንዝ ግድብ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ሶኮልኒኪ ሰፈር የመጀመሪያው የሙከራ ጉድጓድ ተጀመረ። ሜይ 15 ቀን 1935 ባቡሩ ለሕዝብ ተከፈተ፤ 13 ጣቢያ፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር። አብዛኛው ሥራ የተጠናቀቀው በ1934 ነው። በዚያ ዓመት ከ70,000 በላይ ሰው ሥራው ላይ ነበር።

ፎቶዎቹን ብዙዎቻችሁ ሳታዩ አትቀሩም። ጠባብ ዋሻ፣ ግራና ቀኙ በግንድ የተደገፈ። ከላይ የተንጠለጠለ አምፖል። ከሥሩ ሦስት አራት ሰው፣ ሰፊ ክንፍ ያለው ባርኔጣ አድርገው፣ ቱታቸው በጭቃ ተለውሶ። ወይም ደግሞ ከጉድጓዱ አፍ ቁልቁል የተነሳ፦ ከታች ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና ያደረጉ ወጣቶች፣ ዙሪያቸውን ጨለማ።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ስለዚህ ዘመን ፎቶ ሲወራ ሁልጊዜ ስለ ፕሮፓጋንዳ ይወራል፤ ወይም ስለ ሶቪየቱ ፎቶ አንሺ ሮድቼንኮና ስለ ሰያፍ አነሳሱ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን እኔ ድባቡን የሠራው በአብዛኛው ቦታው ራሱ ነው እላለሁ። ማግኒቶጎርስክ ላይ የብረት ፋብሪካው ሲሠራ የተነሱትን አስታውሱ። ግማሹ ፎቶ ሰማይ ነው። ጭስ ማውጫው ግዙፍ፣ ሰውዬው ጉንዳን። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ መሄድ ይችላል፤ እስከ ፈለገው ድረስ። ሜትሮው ውስጥ ግን ወደ ኋላ ብትሄድ ጀርባህን ግንድ ይይዝሃል። አድማስ የለም። ሰማይ የለም። ስለዚህ ፎቶውን የሚሞላው ሰው ነው፤ ፊቱ፣ ትከሻው፣ እጁ። በዚያን ዘመን የሶቪየት ግንባታ ፎቶዎች ውስጥ ሰው ከማሽን ገዝፎ የወጣበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እዚህ የገዘፈው ደግሞ ማሽኑን ከርቀት የሚያሳይ ቦታ ስለጠፋ ነው።

ሮድቼንኮም ቢሆን ከሰገነት ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያነሳ ምርጫው ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ግን ካሜራ ያለው አቅጣጫ ላይና ታች ብቻ ነው። በ1932 መጀመሪያ ላይ ሮድቼንኮን ይህንኑ አነሳሱን ቅርጽ አምላኪነት (ከይዘት ይልቅ ለቅርጽ መጨነቅ) ብለው ከ‹ኦክቶበር› የጥበብ ሰዎች ቡድን አባረሩት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከተማው ሥር ማንም ፎቶ አንሺ ያንን አቅጣጫ ከመጠቀም ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የእናንተን ልስማ። በተለይ ዋሻ ሥራ የምታውቁ ካላችሁ።

#2 አርማታ

እኔ የመሬት ሥር ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ሐሳብህን እደግፋለሁ፤ ግን ‹ቦታው› ያልከውን ትንሽ ልዘርዝረው፤ ምክንያቱም ፎቶው ላይ የሚታየው ሁሉ ምክንያት አለው።

የሞስኮ መሬት ለዋሻ አስቸጋሪ ነው። ሸክላ አለ፣ በሃ ድንጋይ አለ፣ በመሃሉ ደግሞ ውሃ ያዘለ አሸዋ አለ። ይህ አሸዋ እስካልነካኸው ጸጥ ይላል። ስትከፍትለት ይፈስሳል፤ የላይኛውን አፈር፣ አንዳንዴም የላይኛውን ቤት ይዞ ይመጣል። ላዩ ላይ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ከተማ አለ። መሃል ከተማው ሥር ኔግሊንካ የሚባል ወንዝ በቦይ ተቀብሮ ያልፋል። የመጀመሪያው እቅድ ጥልቀቱ አነስተኛ ነበር፤ መንገዱን ከላይ ከፍቶ ሠርቶ መዝጋት። ቬኒያሚን ማኮቭስኪ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ግን ከአሸዋው በታች ወደ ጠንካራው መሬት እንውረድ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን ፕራቭዳ ጋዜጣ ድረስ ይዞት ሄደ። ከውጭ የመጡ ባለሙያዎችም እርስ በርስ አልተስማሙም። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዘዴ ተደባለቀ፤ አንዳንዱ ክፍል ጥልቅ፣ አንዳንዱ ከመንገዱ ሥር ብዙም ያልራቀ።

ስለዚህ ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ የቱ ዘዴ እንደሆነ ጠይቁ። ሰማይ ከታየና ሰፊ ቦይ ከሆነ ከላይ የተከፈተው ክፍል ነው። እዚያ ድባቡ ሌላ ነው፤ በረዶ አለ፣ ሳንቃ አለ፣ ከአጥር ጀርባ የሚያይ መንገደኛ አለ። ጥቁርና ነጭ፣ አንተ የምትለው ድባብ ያለው ጥልቁ ጋር ነው።

ያ ሰፊ ባርኔጣ ለማማር አይደለም። ከላይ ውሃ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል፤ ከአንገት በታች እንዳይገባ ነው። ግንዱ ብዙ የሆነው መሬቱ ስለሚገፋ ነው። ቁፋሮው በአብዛኛው የሰው ጉልበት ነበር፤ ዶማ፣ አካፋ፣ በአየር ግፊት የሚሠራ መሰርሰሪያ። ጋሻ የሚባለው ማሽን (ክብ ብረት ሆኖ ፊት ፊቱን እየገፋ ከኋላው ግድግዳ የሚገነባለት) በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁለት ብቻ ነበር። አንዱ ከእንግሊዝ ተገዛ፤ ሁለተኛው እሱን አይቶ አገር ውስጥ ተሠራ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ውሃው ሲያስቸግር ዋሻውን ዘግተው አየር በግፊት ይሞሉታል። ግፊቱ ውሃውን ገፍቶ ያስቀረዋል። ኬሶን ይባላል። ሠራተኛው ሲገባም ሲወጣም መካከለኛ ክፍል ውስጥ ይቆያል፤ በፍጥነት ከወጣ ደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ይፈጠራል፤ መገጣጠሚያውን ያሰቃየዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ታዲያ ግፊቱ ሲቀነስ አየሩ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ክፍሉ በጉም ይሞላል። ሌንስ ወዲያው ላብ ይይዘዋል። እዚያ ካሜራ ይዞ የገባ ሰው ከሠራተኛው ጋር አንድ ላይ ተጨንቆ ነው የወጣው። በአንዳንዱ ፎቶ ላይ የምታዩት ጭጋግ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የጥበብ ውጤት አይደለም።

#3 እውነት ትቅደም

ሁላችሁም ስለ አሸዋና ስለ ሌንስ አወራችሁ። ስለ ሰዎቹስ?

እነዚህ ፎቶዎች የተነሱት ዳቦ በራሽን ካርድ በሚታደልበት ጊዜ ነው። የዳቦው ካርድ የቀረው በ1935 መጀመሪያ ነው፤ ሜትሮው ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ከዚያ በፊት በ1932 እና 33 ዩክሬን ውስጥ፣ ካዛክስታን ውስጥ፣ ቮልጋ ዳር ሚሊዮኖች በረሃብ አልቀዋል። መሬቱ ለጋራ እርሻ የተወሰደበት ገበሬ ወደ ከተማ ፈልሶ ነው አካፋ የጨበጠው። በ1932 መጨረሻ የውስጥ ፓስፖርት የሚባል ወጣ፤ ወረቀት የሌለው ገበሬ ሞስኮ መኖር አይችልም ተባለ። ሠራተኛው የሚያድረው የእንጨት ባራክ ውስጥ ነው። ይህ አንዱም ፎቶው ላይ የለም። ፎቶው ላይ ያለው ጥርስ ነው።

‹ቦታው ድባቡን ሠራ› ማለት ለእኔ ያዘዘውን አካል ነጻ ማውጣት ነው። ፎቶ አንሺው ደሞዙን የሚቀበለው ከመንግሥት ጋዜጣ ነው። የሚታተመውንም የማይታተመውንም የሚመርጠው አዘጋጁ ነው። ሮድቼንኮን ካነሳህ አይቀር በ1933 የነጭ ባሕር ቦይ ሲቆፈር ሄዶ ያነሳውንም አንሳ። እስረኞች ድንጋይ እየቆፈሩ ኦርኬስትራ ሲጫወትላቸው የሚያሳየውን። ያ ፎቶ በአቀማመጡ እንከን የለውም። እኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ለዚህ ነው፤ ማማሩ።

#4 ጥቁርና ነጭ

እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤ ራሽኑንም ረሃቡንም አንድም ቃል አልከራከርሽም። ግን ቦዩንና ሜትሮውን አንድ አናድርጋቸው። ቦዩን የቆፈሩት እስረኞች ናቸው፤ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ። ሜትሮው ላይ የነበሩት ቅጥረኛ ሠራተኞችና በወጣት ማኅበሩ በኮምሶሞል የተላኩ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ እስረኛ ጥሎ አይሄድም። ይህ ልዩነት ፎቶው ላይም ይታያል ባይ ነኝ። የቦዩ ፎቶዎች ላይ ፊት ፈልገሽ አታገኚም ማለት ይቻላል፤ ጀርባና ጎንበስ ያለ አካል ነው ያለው። የሜትሮው ሰዎች ግን ወደ ሌንሱ ያያሉ። ያ ማየት በትእዛዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የሚያይ ሰው ያይሻል።

#5 ጨለማ ክፍል

እኔ እስከ ዛሬ በፊልም ነው የማነሳው፤ በእጄም አጥባለሁ። ስለዚህ ከእቃው ልጀምር።

የዚያን ዘመን ፊልም ለብርሃን ደካማ ነው። ዋሻ ውስጥ ያለው ብርሃን ደግሞ ጥቂት አምፖል ነው። ላይካ የሚባለው ትንሽ ካሜራ የነበረው ሰው (ጥቂቱ ነው የነበረው) የተለመደው ሌንሱ ቢበዛ የሚከፈተው እስከ 3.5 ነው፤ ለዋሻ የሚበቃ ብርሃን አያስገባም። ሌላው የመስታወት ኔጌቲቭ የሚጎርስ ትልቅ ካሜራ በእግር ላይ አቁሞ ይሠራል። የላይካ ግልባጭ የሆነው ፌድ በብዛት መመረት የጀመረው በ1934 ነው፤ ካርኪቭ ውስጥ፣ ወላጅ አልባና ጎዳና ተዳዳሪ የነበሩ ልጆች በሚሠሩበት ፋብሪካ። በዚህ ሁሉ መሣሪያ አንድ አምፖል ባለበት ዋሻ ውስጥ ሹተሩን ግማሽ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያም በላይ ከፍተህ መጠበቅ አለብህ።

ይህ ምን ማለት ነው? ሰዎቹ ቆመዋል ማለት ነው። መሰርሰሪያውን ይዞ ‹እየሠራ› ያለው ሰው አልሠራም። ቢሠራ ኖሮ እጁ ጭስ መስሎ ይወጣ ነበር። ‹ዝም በል፣ ትንፋሽህን ያዝ› ተብሏል። ያ ሁላችንም የምንወደው ክብደት፣ ያ ሐውልት የመሰለ አቋም፣ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው። ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ፊቱ ይጠብቃል፤ አንገቱ ይቀናል። ጀግና ይመስላል። የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ ትንፋሽ ያዝ ስላልተባለ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይወርዳል። ቋሚ ሰውና የሚፈስ ውሃ አንድ ፎቶ ላይ። ማንም አቅዶ ያደረገው አይመስለኝም፤ ግን አስደናቂ ነው።

አምፖሎቹን ደግሞ እዩ። ዙሪያቸው ብርሃን ተረጭቶ አክሊል ሠርቷል። ኃይለኛ ብርሃን ኔጌቲቩን አልፎ ከጀርባው ካለው መስታወት ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሚፈጠር ነው። ባለሙያ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። እዚህ ግን ዋሻውን ቤተ ክርስቲያን አስመስሎታል፤ ሃይማኖት በሚያሳድድ መንግሥት ጋዜጣ ላይ!

የማግኒዚየም ፍላሽ ለምን አልተጠቀሙም የምትሉ ካላችሁ፣ ይጠቀሙ ነበር። ችግሩ ጭሱ ነው። ዱቄቱ አንዴ ሲነድ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነጭ ጭስ ይሞላል፤ ሁለተኛ ፎቶ የለም። አርማታ የነገረን ኬሶን ውስጥ ደግሞ የታመቀ አየር እሳት ያጎለብታል፤ እዚያ ዱቄት ማንደድ እብደት ነው። በፍላሽ የተነሱትን መለየት ቀላል ነው፤ ጥላው ስል፣ ፊቱ ነጭ፣ የዋሻው ጥልቀት የጠፋ። ድባብ የላቸውም። ጋዜጣው ግን ብዙ ጊዜ እነሱን ነው የሚፈልገው፤ ምክንያቱም ፊት በደንብ ይለያል።

እውነት ትቅደም፣ የአንቺ ነጥብ እዚህ ይገባል። አዎ፣ ፎቶዎቹ የተቀናበሩ ናቸው። አምርረው የሚከራከሩኝ አሉ፤ ግን ፊልሙ ራሱ ሌላ መንገድ አልሰጣቸውም።

#6 የድሮ ተማሪ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞስኮ ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ የሄድን ብዙ ነበርን። ሜትሮው 5 ኮፔክ ነበር፤ በ5 ኮፔክ ከተማውን ሙሉ ቀን ከሥሩ ስትዞር ትውል ነበር። ለብርድ የማይበገር ቤታችን ነበር ማለት እችላለሁ።

ሦስት የባቡር ጣቢያ ካለበት አደባባይ ሥር ኮምሶሞልስካያ የሚባል ጣቢያ አለ። ሁለት ናቸው፤ እኔ የምለው አሮጌውን ነው፣ የ1935ቱን። ስሙ የተሰጠው ለቆፈሩት ወጣቶች ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ከቀለም ሸክላ የተሠራ ትልቅ ሥዕል አለ፤ የሠዓሊው ስም የቭጌኒ ላንሴሬ። የሚያሳየው የሜትሮ ቆፋሪዎችን ነው። ሰው በጥድፊያ ያልፈዋል። እኔ አቁሞ ያስቀረኝ ነገር ቢኖር፣ በዚያ ሁሉ ወርቅና እብነበረድ ከተማ ውስጥ የቆፈረው ሰው እዚያው የቆፈረበት ቦታ ላይ መሳሉ ነው። አቋማቸው ጨለማ ክፍል እንደነገረን ነው፤ ትንፋሽ የያዘ ሰው። ሠዓሊው ፎቶዎቹን ሳያይ የሳለው አይመስለኝም።

አንድ ያልተነሳ ጉዳይ አለ። ሴቶቹ። በ1933 ኮምሶሞል ልጆቹን ወደ ሜትሮ ሲጠራ ሴቶችም መጡ። ብዙ ካቦ ሴት ከመሬት በታች አላስገባም ብሎ ነበር። ገቡ። ቱታ፣ ቦቲ፣ ያ ባርኔጣ። ከመካከላቸው ታቲያና ፌዶሮቫ የምትባለው ቆይታ መሐንዲስ ሆነች፣ ከዚያም የሜትሮስትሮይ ምክትል ኃላፊ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ስሟ ገና ይጠራ ነበር። ሠዓሊው አሌክሳንደር ሳሞኽቫሎቭ በ1937 መሰርሰሪያ የያዘች የሜትሮ ሠራተኛ ሳለ፤ ፒተርስበርግ ያለው የሩሲያ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ግዙፍ ናት፤ እንደ ጥንት ሐውልት። ሥዕሉን ከፎቶዎቹ ጎን አድርጋችሁ እዩት። በፎቶው ላይ ያሉት ልጆች ቀጫጮች ናቸው። ቱታው ይሰፋቸዋል። እጅጌው ተጠቅልሏል። እኔ ሥዕሉን አደንቃለሁ፤ የምወደው ግን ፎቶውን ነው። የ19 ዓመት ልጅ ያልተለካላትን ልብስ ለብሳ ወደ ጉድጓድ ስትወርድ ሥዕሉ አያሳይም። ካሜራው ግን መደበቅ አልቻለም።

እውነት ትቅደም ልጄ፣ ቁጣሽ ይገባኛል። ሞስኮ ውስጥ ያወቅኋቸው ሽማግሌዎች በስታሊን ዘመን ስለሆነው ነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። ስለ ሜትሮ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር። ሁለቱም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ይኖራል።

#7 እውነት ትቅደም

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ እጅጌው የነገሩን ከሁሉም በልጦ ገባኝ። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ማየት ነው፤ ትእዛዙ ያልደረሰበትን ጥግ።

እናቴ በ1967 ዓ.ም. ዕድገት በኅብረት ዘምታ ነበር። ከዚያ የቀረ አንድ ፎቶ አላት፣ ሁሉም ይስቃሉ። ስጠይቃት ሳቁ የእውነት ነው ትለኛለች፤ ፍርሃቱም የእውነት ነበር ትለኛለች። ስለዚህ ጋሼ ያሉት ለእኔ ባዕድ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አልተውም። ፎቶዎቹ ከተነሱ በኋላ የሆነውም የፎቶው አካል ነው። የኮምሶሞሉ መሪ አሌክሳንደር ኮሳሬቭ፣ ልጆቹን ወደ ሜትሮው የጠራውን ድርጅት ይመራ የነበረው፣ የሠራተኞቹን ትዝታ የያዙት የ1935 መጽሐፎች በስሙ የወጡት፣ በ1939 በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ ስሙ ያለበት መጽሐፍ ቤት ማስቀመጥ አደጋ ሆነ። ሮድቼንኮ ራሱ ያዘጋጀው የኡዝቤኪስታን አልበም ላይ የተረሸኑ ባለሥልጣናትን ፊት በገዛ እጁ በጥቁር ቀለም ሸፍኗል። ያ ቅጂ ከብዙ ዓመት በኋላ ተገኝቷል። ፎቶውን ያቀናበረው እጅ ራሱ ነው ያጠፋው። የሜትሮ ፎቶ ላይ ጥቁሩን ስታደንቁ ይህንንም ጥቁር አስቡት።

#8 ሚኪ ከዲሲ

ምርጥ ክር ነው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ‹የሞስኮ ሜትሮ 1934› ተብሎ የሚለጠፈው ብዙ ነው። አንዳንዱ ለዓይን እንኳ አይመሳሰልም። በእርግጥ የመጀመሪያው መስመር መሆኑን እንዴት ነው የምለየው?

#9 አርማታ

ሚኪ፣ የዋሻውን ግድግዳ እይ። ግድግዳው በብሎን ከተያያዙ የብረት ቁራጮች የተሠራ ቀለበት ከሆነ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተደረደረ ወደ ውስጥ የሚሄድ፣ ያ ሁለተኛው ዙር ነው፤ ከ1935 በኋላ። የመጀመሪያው መስመር ሲሠራ ጋሻው ከኋላው ይደረድር የነበረው የኮንክሪት ብሎክ ነው። የብረቱ ቀለበት በሁለተኛው ዙር ነው የገባው፤ ጋሻውም ያኔ በዛ። በጣም የሚያምሩት ክብ በክብ ውስጥ የሆኑት ፎቶዎች ብዙዎቹ የዚያ ጊዜ ናቸው፤ ‹1934› ተብለው ይለጠፋሉ እንጂ።

የእንጨት ጫካ ካየህ ግን፣ በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። በተለይ ግንዱ ጠማማ ከሆነ፣ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ከሄዱ፣ ቁፋሮው በባሬላ ወይም ሰው በሚገፋው ፉርጎ የሚወጣ ከሆነ።

ሌላም አለ፤ የብረት ቱቦዎች ተደርድረው በበረዶ ነጭ ሆነው ካየህ አትገረም። ለተንቀሳቃሽ ደረጃው ሰያፍ መውረጃ ሲቆፍሩ፣ ውሃ ያዘለው አሸዋ እንዳይፈስ በቱቦ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ እየላኩ መሬቱን ያቀዘቅዙት ነበር። መሬቱ ድንጋይ እስኪሆን። ከላይ ክረምት፣ ከታች ክረምት። እንደ ባለሙያ ስናገር፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ማድረጋቸው ያስደንቀኛል፤ የከፈሉትን ዋጋ ሳልረሳ።

#10 ጥቁርና ነጭ

ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ስለ ህትመቱ ነው። ከ1930 ጀምሮ ‹ዩኤስኤስአር በግንባታ ላይ› የሚባል ትልቅ ፎቶ መጽሔት ነበር፤ በሩሲያኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ ይወጣል። በ1935 አንድ እትሙን ለሜትሮው ሰጥቷል። የህትመቱ ዘዴ ቀለሙን ከተቀረጸ ሲሊንደር ላይ በጥልቀት የሚያወጣ ነው፤ ጥቁሩ ቬልቬት ይመስላል። ስልክ ላይ የምናየው ግራጫ ነገር የዚያን ጥላ ነው። ዕድሉን አግኝታችሁ ኦርጅናሉን በዓይናችሁ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩን። ዋሻው ወረቀቱ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ሁለተኛው፣ እውነት ትቅደም ስላለችው ነው። ‹ያዘዘውን አካል ነጻ ማውጣት ነው› ብላ ነበር። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ያዘዘው አካል የፈለገው ብርሃን ነው። መጨረሻ ላይ ያገኘውም ብርሃን ነው፤ ጣቢያዎቹ ሲያልቁ የተነሱት ፎቶዎች ላይ ሁሉም ያበራል። ወለሉ ይጸዳል፣ ሰው ከተገኘም ለመጠን ማሳያ ነው። የስታሊን ሰዎች ለዓለም ሊያሳዩ የፈለጉት እሱን ነው። ጭቃው፣ ውሃው፣ የሚሰፋው ቱታ፣ ጠማማው ግንድ በትእዛዝ የመጡ አይደሉም። ቦታው በጉልበት ያስገባቸው ናቸው። ለዚህ ነው ከተመረቀው ጣቢያ ይልቅ ያላለቀው ዋሻ ፎቶ የበለጠ እውነት የሚናገረው። ጣቢያው ፎቶ ላይ የሞተ ነው።

#11 ጨለማ ክፍል

እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ድረስ አብሬህ ነበርኩ። ‹ጣቢያው የሞተ ነው› የሚለውን ግን አልቀበልም።

ማያኮቭስካያ የሚባለውን ጣቢያ እይ። በ1938 የተከፈተ ነው፤ ከመሬት በታች 33 ሜትር ገደማ። ጣሪያው ላይ በየጉልላቱ ውስጥ የሠዓሊው የአሌክሳንደር ዴይኔካ ሞዛይኮች አሉ፤ ዛሬም 34ቱ አሉ። ምን ያሳያሉ? አውሮፕላን፣ ፓራሹት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከፍታ ዝላይ። ሁሉም ከታች ወደ ላይ ሲታይ። አንገትህን ቀና ካላደረግህ አታያቸውም። አንተ #1 ላይ ያልከው የጉድጓዱ አቅጣጫ ነው እኮ፤ ከታች ቀና ብሎ ማየት። ዴይኔካ ደግሞ ከየት መጣ? ከዚያው ሮድቼንኮ ከተባረረበት ‹ኦክቶበር› ቡድን ነው። ቅርጽ አምላኪነት ተብሎ ከፎቶ የተባረረው እይታ ከስድስት ዓመት በኋላ በመንግሥት ገንዘብ ጣሪያ ላይ በሞዛይክ ተለጠፈ።

ድባቡን የሠራው ቦታው ነው ከተባባልን፣ ቦታው ከቁፋሮው በኋላም ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ የማያኮቭስካያን ፎቶዎች ሳታይ ክሩን አትዝጋው። በተለይ ካሜራው ወለል ላይ ተቀምጦ ወደ ጉልላቱ የተነሱትን።

#12 የድሮ ተማሪ

ጨለማ ክፍል ያለው ልክ ነው። እዚያ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ብዙ ጊዜ አንገቴን አሞኛል። ሞዛይኮቹ በጉልላቱ ጥልቀት ውስጥ የገቡ ስለሆኑ ከጎን ሆነህ አይታዩህም፤ ከሥሩ መቆም አለብህ። አንድ ሩሲያዊ የክፍል ጓደኛዬ አግዳሚው ላይ በጀርባው ተኝቶ ነበር የሚያነሳቸው፤ ጠባቂዋ ሴትዮ እስክታስነሳው ድረስ። የሰጠኝ ሁለት ፎቶ አለኝ። ልጄ ስካን አድርጋ ሰሞኑን እዚህ ትለጥፍላችኋለች።